አርኔ ቲሴሊዩስ

አርኔ ቪልሄልም ካውሪን ቲሴሊዩስ (ነሐሴ 4 ቀን 1894 ዓ.ም. – ጥቅምት 18 ቀን 1964 ዓ.ም.፤ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ኦገስት 10 ቀን 1902 – ኦክቶበር 29 ቀን 1971) የስዊድን የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ነበር። ኤሌክትሮፎረሲስን፣ ማለትም ፕሮቲኖችን በኤሌክትሪክ ኃይል የመለያየት ዘዴን፣ አስተማማኝ የላቦራቶሪ መሣሪያ ያደረገው እሱ ነው። በዚህ ሥራውና በአድሰርፕሽን ትንተና ምርምሩ የ1948 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። በደም ምርመራ ውጤት ላይ እስከ ዛሬ የሚጻፉት አልፋ፣ ቤታና ጋማ ግሎቡሊን የሚባሉት ስሞች ከእሱ ሥራ የመጡ ናቸው።

ዛሬ በየላቦራቶሪው አንድን ፕሮቲን ለይቶ ለማሳየት የሚያገለግለው ዌስተርን ብሎት የተባለው ዘዴ በሁለት ነገሮች ላይ ይቆማል፤ እነሱም ኤሌክትሮፎረሲስና ፀረ እንግዳ አካል (አንቲቦዲ) ናቸው። ቲሴሊዩስ የመጀመሪያውን አስተካከለ፤ ሁለተኛው ከየትኛው የደም ፕሮቲን ክፍል እንደሚገኝም ከባልደረባው ጋር አሳየ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ቲሴሊዩስ የተወለደው በስዊድን ዋና ከተማ በስቶክሆልም ነው። አባቱ በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ የተማረና በኢንሹራንስ ድርጅት የሚሠራ ሰው ነበር። አባቱ በ1906 ሲሞት አርኔ ገና የአራት ዓመት ሕፃን ነበር። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ዘመዶች ወዳሉበት ወደ ጎተንበርግ ከተማ ተዛወረ፤ አርኔም የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በዚያው ተከታተለ። በሁለተኛ ደረጃ ሳለ ለኬሚስትሪና ለሥነ ሕይወት የነበረውን ፍላጎት መምህሩ ተመልክቶ አበረታታው።

በ1921 ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ኡፕሳላን የመረጠው በዚያ የሚያስተምረውን ቴዎዶር ስቬድቤሪን ፈልጎ ነው። ስቬድቤሪ በዘመኑ በስዊድን ታዋቂ የነበረ የፊዚካል ኬሚስትሪ ሊቅ ሲሆን በ1926 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ቲሴሊዩስ በ1924 በኬሚስትሪ፣ በፊዚክስና በሒሳብ የማስተርስ ዲግሪውን አገኘ፤ በ1925 ደግሞ በስቬድቤሪ ላቦራቶሪ ረዳት ተመራማሪ ሆነ።

በስቬድቤሪ ላቦራቶሪ

በዚያን ጊዜ ፕሮቲኖች ምን ዓይነት ነገሮች እንደሆኑ ገና አከራካሪ ነበር። አንዳንድ ኬሚስቶች ፕሮቲን የተወሰነ መጠን ያለው ሞለኪውል ሳይሆን የትናንሽ ነገሮች ልቅ ስብስብ ነው ይሉ ነበር። ስቬድቤሪ አልትራሴንትሪፉጅ የተባለውን እጅግ ፈጣን ተሽከርካሪ መሣሪያ ሠርቶ የፕሮቲኖችን ክብደት መለካት ጀመረ። ለተማሪው ለቲሴሊዩስ ግን ሌላ መንገድ ሰጠው፤ ፕሮቲኖችን በክብደታቸው ሳይሆን በሚሸከሙት የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) መለየት።

ሐሳቡ በራሱ አዲስ አልነበረም። በውሃ ውስጥ የተንሳፈፉ ቅንጣቶች የኤሌክትሪክ ፍሰት ሲደርስባቸው ወደ አንዱ ጫፍ እንደሚጓዙ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ ይታወቅ ነበር። ፕሮቲኖችም እንደየተፈጥሯቸውና እንደሚገኙበት ፈሳሽ የአሲድነት መጠን የተለያየ ሙል ስለሚሸከሙ ፍጥነታቸው ይለያያል። አስቸጋሪው ነገር ጉዞውን በትክክል መለካት ነበር። ፕሮቲን በአብዛኛው ቀለም የለውም፤ በፈሳሽ ውስጥ የት እንደደረሰ በዓይን አይታይም።

ስቬድቤሪና ቲሴሊዩስ በ1926 ባወጡት ጽሑፍ ለዚህ መፍትሔ አቀረቡ። የፕሮቲኑን ፈሳሽ ዩ በሚመስል የመስታወት ቱቦ ታች አድርገው በላዩ ንጹሕ በፈር ያፈሱበታል። በፈር የአሲድነት መጠኑ በቀላሉ የማይለወጥ የጨው ፈሳሽ ነው። በሁለቱ ፈሳሾች መካከል ወሰን ይፈጠራል። ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት ወሰኑ በአንዱ ክንድ ወደ ላይ፣ በሌላው ወደ ታች ይንቀሳቀሳል። ፕሮቲን አልትራቫዮሌት ብርሃንን ስለሚውጥ የወሰኑ ቦታ በዚሁ ብርሃን ፎቶግራፍ ይነሣል። ተንቀሳቃሽ ወሰን የሚባለው ዘዴ ይህ ነው።

የ1930 የዶክትሬት ጥናትና ያልተጠበቀው ውጤት

ቲሴሊዩስ በዚህ ዘዴ ላይ የዶክትሬት ጥናቱን በ1930 አቀረበ። ጥናቱ ጥሩ አቀባበል አገኘ፤ እሱም በዚያው ዓመት በዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ዶሰንት ሆኖ ተሾመ። በዚሁ ዓመት ኅዳር ወር ላይም ግሬታ ዳሌንን አገባ፤ ሁለት ልጆችም ወለዱ።

ሆኖም በጥናቱ ውስጥ እሱን ያልተመቸው ነገር ነበር። በአልትራሴንትሪፉጅ ሲለኩ አንድ ወጥ ሆነው የታዩ አንዳንድ የፕሮቲን ናሙናዎች በኤሌክትሮፎረሲስ ሲመረመሩ ወጥ ሳይሆኑ ቀሩ። ወሰኖቹ ስለታም መሆን ሲገባቸው ሰፍተውና ደብዝዘው ይታዩ ነበር። ለዚህ ሁለት ማብራሪያዎች ሊሰጡ ይችሉ ነበር። አንደኛው፣ ናሙናው በእርግጥ ክብደታቸው ተመሳሳይ፣ ሙላቸው ግን የተለያየ ፕሮቲኖች ድብልቅ ነው። ሁለተኛው፣ ፕሮቲኑ አንድ ነው፤ ወሰኑን ያበላሸው ግን መሣሪያው ነው። በ1930 በነበረው መሣሪያ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም ነበር።

ዋናው ጠንቅ ሙቀት ነበር። የኤሌክትሪክ ፍሰት በፈሳሹ ውስጥ ሲያልፍ ያሞቀዋል። ቱቦው ክብ ስለነበር ሙቀቱ ከመካከሉ ቶሎ አይወጣም፤ መካከሉ ሞቆ ሲቀልል ወደ ላይ ይወጣል፣ ከግድግዳው አጠገብ ያለው ቀዝቃዛ ፈሳሽ ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል። ይህ ዝውውር ወሰኑን ይበጠብጠዋል። ሙቀቱን ለመቀነስ ኤሌክትሪኩን ቢያሳንሱት ሥራው ረጅም ጊዜ ይወስዳል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ወሰኑ በራሱ እየተሰራጨ ይደበዝዛል። ስለዚህ ኃይሉን መጨመርም ሆነ መቀነስ መፍትሔ አልነበረም።

ከኤሌክትሮፎረሲስ ርቆ

ቲሴሊዩስ በውጤቱ ቅር ተሰኝቶ ለጥቂት ዓመታት ሌላ ርዕስ ያዘ። ዚዮላይት የሚባሉትን ማዕድናት ማጥናት ጀመረ። እነዚህ ክሪስታሎች በውስጣቸው እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሏቸው ውሃና ጋዝ ወደ ውስጣቸው ይሰርጋል፤ ክሪስታሉ ግን ቅርጹን ይዞ ይቆያል። ቲሴሊዩስ የውሃው ስርገት የክሪስታሉን የብርሃን ጠባይ የሚለውጥ መሆኑን ተጠቅሞ የስርገቱን ፍጥነት በብርሃን ለካ። ሥራው ከፕሮቲን የራቀ ቢመስልም ሁለት ነገሮችን አስጨበጠው። አንደኛው ዓይን የማያየውን ለውጥ በብርሃን መንገድ መከታተል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ነገሮች በጠጣር አካል ገጽ ላይ ስለሚጣበቁበት መንገድ፣ ማለትም ስለ አድሰርፕሽን፣ ያገኘው ዕውቀት ነው።

በ1934 የሮክፌለር ፋውንዴሽን የነፃ ትምህርት ዕድል ሰጥቶት ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ በሂዩ ቴይለር ላቦራቶሪ እስከ 1935 ሠራ። በዚያ ቆይታው በኒው ዮርክና በፕሪንስተን የነበሩ የሮክፌለር ተቋም ተመራማሪዎችን ተዋወቀ። ከእነዚህም መካከል የደም ዓይነቶችን ያገኘው ካርል ላንድሽታይነር ይገኝበታል። እነዚህ ሰዎች ኢንዛይምን፣ ቫይረስንና ፀረ እንግዳ አካልን የሚያጠኑ ነበሩ፤ ሁሉም የሚቸገሩትም በአንድ ነገር ነበር። የያዙት ናሙና አንድ ፕሮቲን ይሁን ድብልቅ የሚያረጋግጡበት መንገድ አልነበራቸውም። ቲሴሊዩስ ትቶት የሄደው ችግር የብዙዎች ችግር መሆኑን ያየው እዚያ ነው። ወደ ኡፕሳላ ሲመለስም ወደ ኤሌክትሮፎረሲስ ተመለሰ።

አዲሱ መሣሪያ

በአዲሱ መሣሪያ የቀድሞው ስሕተት ምንጮች አንድ በአንድ ታሰቡ።

የቱቦው ቅርጽ፦ ክቡ ቱቦ ቀርቶ የውስጥ ስፋቱ ጠባብ አራት ማዕዘን የሆነ ቱቦ ተሠራ። ጠፍጣፋ በመሆኑ ሙቀቱ በቶሎ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ለፎቶግራፍም ይመቻል።

ቅዝቃዜ፦ መሣሪያው በሙሉ በቀዝቃዛ ውሃ ገንዳ ውስጥ እንዲቀመጥ ተደረገ። የገንዳው ሙቀት ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ይህ እንዲሁ የተመረጠ አይደለም። ውሃ ከሁሉ የሚከብደው በ4 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ በዚያ አካባቢ ትንሽ ቢሞቅ ወይም ቢቀዘቅዝ ክብደቱ እምብዛም አይለወጥም። ስለዚህ መካከሉ ጥቂት ቢሞቅም እንኳ ፈሳሹ አይዘዋወርም። በዚህ ምክንያት ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል መጠቀም ተቻለ።

የሚንሸራተቱ ክፍሎች፦ ቱቦው በለሰለሱ የመስታወት ገጾች ላይ ወደ ጎን የሚንሸራተቱ ክፍሎች ነበሩት። ይህም ወሰኑን መጀመሪያ ላይ ስለታም አድርጎ ለመፍጠርና በመጨረሻ የተለዩትን ፕሮቲኖች ለየብቻ ለማውጣት ይረዳል።

የወሰኑን ጉዞ መመለስ፦ ወሰኑ ከቱቦው እንዳያመልጥ በሰዓት ሞተር ቀስ ብሎ የሚንቀሳቀስ አካል ፈሳሹን በሙሉ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። በዚህ መንገድ ፕሮቲኖቹ ረጅም ርቀት የተጓዙ ያህል ይለያያሉ።

ብርሃን፦ በአልትራቫዮሌት ፈንታ ሽሊረን የተባለው የብርሃን ዘዴ ገባ። ይህ ዘዴ ብርሃን በሁለት የተለያዩ ፈሳሾች ወሰን ላይ ሲሰበር ጥላ እንዲፈጥር ያደርጋል። ፕሮቲኑ ቀለም ባይኖረውም ወሰኑ ይታያል።

የመሣሪያው ዝርዝር በ1937 በእንግሊዝ አገር በሚታተመው የፋራዴይ ማኅበር መጽሔት ላይ ወጣ። መሣሪያው ትልቅና ውድ ነበር፤ ሆኖም በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአውሮፓና በአሜሪካ ላቦራቶሪዎች መሠራት ጀመረ።

አልፋ፣ ቤታና ጋማ

ቲሴሊዩስ በአዲሱ መሣሪያ ከመረመራቸው ናሙናዎች አንዱ የፈረስ ሴረም ነበር። ሴረም ደም ከረጋ በኋላ የሚቀረው ንጹሕ ፈሳሽ ነው። እስከዚያ ድረስ የሴረም ፕሮቲኖች በጨው እየተነጠሉ አልቡሚንና ግሎቡሊን ተብለው በሁለት ይከፈሉ ነበር። በመሣሪያው ውስጥ ግን አራት ወሰኖች ታዩ። ፈጣኑ አልቡሚን ነበር፤ ግሎቡሊን ይባል የነበረው ደግሞ ለሦስት ተከፈለ። ቲሴሊዩስ እንደ ፍጥነታቸው ቅደም ተከተል አልፋ፣ ቤታና ጋማ ብሎ ሰየማቸው። ጋማ የሁሉም ዘገምተኛ ነው።

የ1930 ጥያቄ እዚህ መልስ አገኘ። ለወሰኖቹ መደብዘዝ መሣሪያው ድርሻ ነበረው፤ ናሙናውም በእርግጥ ድብልቅ ነበር። ሁለቱ ማብራሪያዎች አብረው እውነት ነበሩ፤ የመጀመሪያው ስሕተት ሳይወገድ ግን ሁለተኛውን ማየት አይቻልም ነበር።

ፀረ እንግዳ አካል የት እንደሚገኝ

በ1937 ኤልቪን ካባት የተባለ ወጣት አሜሪካዊ ተመራማሪ ወደ ኡፕሳላ መጣ። ካባት በኒው ዮርክ በሚገኘው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የማይክል ሃይደልበርገር ተማሪ የነበረ ሲሆን፣ ፀረ እንግዳ አካልን በትክክል የመመዘን ዘዴ ይዞ ነበር የመጣው። ሁለቱ ያነሡት ጥያቄ ፀረ እንግዳ አካል ከሴረም ፕሮቲኖች በየትኛው ክፍል ይገኛል የሚል ነበር።

ሙከራው ቀላልና አሳማኝ ነበር። በእንቁላል አልቡሚን የተከተበች ጥንቸል ሴረም ተወስዶ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው እንዳለ በመሣሪያው ተመረመረ። ሁለተኛው ግን አስቀድሞ ከእንቁላል አልቡሚን ጋር ተደባለቀ፤ ፀረ እንግዳ አካሉ አልቡሚኑን ይዞ ዝቃጭ ሆኖ ሲወርድ ተለይቶ ተጣለ፤ የቀረው ሴረም ተመረመረ። የሁለቱ ሥዕሎች ሲነጻጸሩ አልቡሚን፣ አልፋና ቤታ እንዳሉ ነበሩ። ጋማ የሚባለው ጉብታ ግን በጉልህ አንሶ ተገኘ። የጎደለው ፀረ እንግዳ አካሉ ስለሆነ፣ ፀረ እንግዳ አካሉ በጋማ ክፍል ውስጥ ነበር ማለት ነው። ውጤቱ በ1938 እና በ1939 ታተመ።

እዚህም ያልተጠበቀ ነገር አልጠፋም። የሳንባ ምች ባክቴሪያን ለመከላከል የተከተበ ፈረስ ሴረም ሲመረመር ፀረ እንግዳ አካሉ በጋማ ቦታ አልተገኘም፤ በቤታና በጋማ መካከል አዲስ ጉብታ ሆኖ ታየ። ክብደቱም በአልትራሴንትሪፉጅ ሲለካ ከጥንቸሏ ፀረ እንግዳ አካል እጅግ የሚበልጥ ሆነ። ተመራማሪዎቹ ይህን እንደ ስሕተት አልጣሉትም፤ በብዙ እንስሳት ላይ ደጋግመው ካዩት በኋላ አብረው አሳተሙት። ፀረ እንግዳ አካል ከአንድ በላይ ዓይነት እንዳለው በኋላ በሰፊው ታወቀ፤ ዛሬ አይጂጂ እና አይጂኤም የሚባሉት ስሞች በ1960ዎቹ የተሰጡ ናቸው።

ሐሰተኛ ወሰኖች

መሣሪያው ከተሻሻለ በኋላም ማታለሉን ፈጽሞ አልተወም። በቱቦው ሁለት ክንዶች የሚታዩት ሥዕሎች እንደ መስታወት ምስል አንድ መሆን ሲገባቸው፣ ብዙ ጊዜ አንዱ ስለታም ሌላው ሰፊ ይሆናል። ከዚህም በላይ ምንም አዲስ ፕሮቲን ሳይኖር ከመነሻው ቦታ አጠገብ ቆመው የሚቀሩ ጉብታዎች ይታዩ ነበር። እነዚህ ዴልታ እና ኤፕሲሎን ወሰኖች ተባሉ። ምንጫቸው ፕሮቲኑ ሲነሣ ከኋላው የሚቀረው የፕሮቲንና የጨው መጠን ልዩነት ነው፤ ብርሃኑም ይህን ልዩነት ልክ እንደ ፕሮቲን ወሰን ያሳየዋል።

ሐሰተኛውን ከእውነተኛው የሚለዩት በጥቂት የተለመዱ እርምጃዎች ነው። ናሙናው ከመመርመሩ በፊት የጨው መጠኑ ከበፈሩ ጋር እስኪስተካከል በዳያሊሲስ ይታጠባል። ፕሮቲኑ ይቀጥናል፤ የበፈሩ የጨው መጠን በቂ ይደረጋል። ከዚያም ሁለቱ ክንዶች ይነጻጸራሉ። ሁኔታው ሲለወጥ የሚያንስ ወይም የሚጠፋ፣ ከመነሻው ቦታም የማይንቀሳቀስ ጉብታ እንደ ፕሮቲን አይቆጠርም።

ፕሮፌሰርነትና የኖቤል ሽልማት

በ1938 በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ለእሱ በተለይ የተቋቋመ የባዮኬሚስትሪ ፕሮፌሰርነት ተሰጠው፤ ወጪው የተሸፈነው በግለሰቦች ስጦታ ነው። ከ1940 ጀምሮ ወደ አድሰርፕሽን ፊቱን መለሰ። ድብልቅ ነገሮችን በከሰል ወይም በሌላ ጠጣር አካል ውስጥ በማሳለፍ የሚለያዩበትን መንገድ አሻሻለ፤ ቀለም የሌላቸውን ነገሮች እንደ ኤሌክትሮፎረሲሱ ሁሉ በብርሃን ተከታተለ።

በ1948 የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው በተለይ የተጠቀሰለት ስለ ሴረም ፕሮቲኖች ውስብስብነት ያገኘው ውጤት ነው። ከዚህ ሌላ ከ1946 እስከ 1950 የስዊድን የተፈጥሮ ሳይንስ ምርምር ምክር ቤት ሰብሳቢ፣ ከ1951 እስከ 1955 የዓለም አቀፉ የኬሚስትሪ ኅብረት ፕሬዚዳንት፣ ከ1960 እስከ 1964 ደግሞ የኖቤል ፋውንዴሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ አገልግሏል።

ላቦራቶሪው የብዙዎች ማረፊያ ነበር። በኋላ ሁለት ጊዜ የኖቤል ሽልማት ያገኘው እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ሳንገር በ1947 በዚያ ሠርቷል። ተማሪው የርከር ፖራት ከፐር ፍሎዲን ጋር ሆኖ ፕሮቲኖችን በመጠናቸው የሚለየውን ሴፋዴክስ በ1959 አስተዋወቀ። ሌላው ተማሪው ስቴላን የርቴን ደግሞ አጋሮዝ የተባለውን ጀል ለኤሌክትሮፎረሲስ አዋለ።

ዘዴው በሌሎች እጅ

ከመሣሪያው ታላላቅ ውጤቶች አንዱ በ1949 በካሊፎርኒያ ተገኘ። ላይነስ ፖሊንግና ባልደረቦቹ ሲክል ሴል የተባለው የደም ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ሄሞግሎቢን ከጤነኛ ሄሞግሎቢን ጋር በቲሴሊዩስ መሣሪያ አነጻጸሩ። ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት ተጓዙ። አንድ በሽታ የሚመነጨው ከአንድ ሞለኪውል ለውጥ ሊሆን እንደሚችል በግልጽ የታየው በዚህ ሥራ ነው።

በ1950ዎቹ ግን ትልቁ መሣሪያ ቦታውን ለቀላል ዘዴዎች መልቀቅ ጀመረ። ነጻ ፈሳሽ ቀርቶ ወረቀት፣ ስታርችና ጀል መጣ። በእነዚህ ውስጥ ፈሳሹ እንደ ልብ ስለማይዘዋወር ፕሮቲኖቹ ሙሉ በሙሉ ተለያይተው የየራሳቸውን መስመር ይሠራሉ። ቲሴሊዩስ ራሱ ይህን ለውጥ ደግፏል፤ በ1950 በወረቀት ላይ ስለሚደረግ ኤሌክትሮፎረሲስ ከባልደረባው ጋር ጽፏል። ይህ ዓይነቱ ሥራ ዞን ኤሌክትሮፎረሲስ የሚባልበት ስምም ከእሱ የመጣ ነው።

ከዌስተርን ብሎት ጋር ያለው ግንኙነት

ዌስተርን ብሎት በ1979 የወጣ ዘዴ ስለሆነ ቲሴሊዩስ አላየውም። በዚህ ዘዴ ፕሮቲኖቹ ኤስዲኤስ በተባለ ሳሙና መሰል ኬሚካል የታጠፈው ቅርጻቸው ይፈታል፤ ሁሉም አሉታዊ ሙል ይላበሳሉ። ከዚያ በጀል ውስጥ በኤሌክትሪክ ሲነዱ በመጠናቸው ይለያያሉ። ቀጥሎ ወደ ስስ ሽፋን ይዛወራሉ፤ የሽፋኑ ባዶ ቦታ በወተት ወይም በሌላ ፕሮቲን ይሸፈናል። በመጨረሻም የሚፈለገውን ፕሮቲን የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ይጨመራል፤ እሱን የሚይዝና ምልክት ያለበት ሁለተኛ ፀረ እንግዳ አካል ይከተላል።

በዚህ ዘዴ የሚሠራ ሰው አንድ መስመር ጠብቆ ሁለት ወይም ሦስት ሊያገኝ ይችላል፤ ጭራሽ ምንም ላያይም ይችላል። የሚነሣው ጥያቄ የ1930ው ጥያቄ ነው፤ ያልተጠበቀው ነገር ከናሙናው ነው ወይስ ከአሠራሩ?

መስመሮቹ በጀሉ መካከል ቀድመው በጠርዞቹ ቢዘገዩና ቀስት ቢመስሉ፣ የተለመደው ምክንያት ሙቀት ነው። መካከሉ ሲሞቅ ፕሮቲኑ እዚያ ይፈጥናል። መፍትሔውም የቀድሞው ነው፤ ማቀዝቀዝ ወይም የኤሌክትሪክ ኃይሉን መቀነስ። በናሙናው ውስጥ ያለው ጨው ከመጠን በላይ ሲሆንም መስመሮች ይጣመማሉ።

ምንም መስመር ካልታየ በመጀመሪያ የሚጣራው ፕሮቲኑ ወደ ሽፋኑ መዛወሩ ነው። ለዚህ ሽፋኑን ፖንሶ ኤስ በተባለ በቀላሉ የሚታጠብ ቀለም መንከር ይበቃል። ፕሮቲኖቹ በሽፋኑ ላይ ካሉ ጥርጣሬው ወደ ፀረ እንግዳ አካሉ ይዞራል። አንዳንድ ፀረ እንግዳ አካላት ፕሮቲኑን የሚያውቁት ቅርጹ ሳይፈታ ብቻ ነው።

መስመሩ ካልተጠበቀ ቦታ ቢገኝ ሁልጊዜ ስሕተት አይደለም። ፒ53 የተባለው ካንሰርን የሚከላከል ፕሮቲን ትክክለኛ ክብደቱ 44 ኪሎዳልተን ገደማ ነው፤ በጀል ላይ ግን በ53 አካባቢ ይታያል፤ ስሙም ከዚያ መጣ። በፕሮቲን ላይ የሚለጠፉ የስኳር ሰንሰለቶችም ጉዞውን ያዘገያሉ።

በ50 እና በ25 ኪሎዳልተን አካባቢ ያልተጠሩ ሁለት መስመሮች ሲታዩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተጠያቂው ቲሴሊዩስ ስም ካወጣለት ክፍል የሚገኘው ጋማ ግሎቡሊን ራሱ ነው። ናሙናው ደም ካለበት የእንስሳ አካል ከተወሰደ፣ ወይም በፀረ እንግዳ አካል ተይዞ ከወጣ፣ በውስጡ ያሉት የፀረ እንግዳ አካል ከባድና ቀላል ሰንሰለቶች በሁለተኛው ፀረ እንግዳ አካል ተይዘው ይታያሉ። ይህን ለማወቅ በአንድ ሽፋን ላይ የመጀመሪያውን ፀረ እንግዳ አካል ትቶ ሁለተኛውን ብቻ መጨመር ነው። መስመሮቹ አሁንም ከታዩ ከሚፈለገው ፕሮቲን አልመጡም ማለት ነው።

ከሁሉ ጠንካራው ማረጋገጫ ግን የካባትና የቲሴሊዩስ ሙከራ የተመሠረተበት ሐሳብ ነው። አንዱን ነገር ብቻ አውጥቶ ምን እንደጎደለ ማየት። ዛሬ ይህ የሚደረገው የሚፈለገው ፕሮቲን ጂኑ እንዲጠፋ ከተደረገ ሕዋስ የተወሰደ ናሙና ጎን ለጎን በማስኬድ ነው። እውነተኛው መስመር በዚያ ናሙና ይጠፋል፤ የማይጠፋው የሌላ ፕሮቲን ነው።

የመጨረሻ ዘመንና መታሰቢያ

ቲሴሊዩስ በመጨረሻ ዓመታቱ ሳይንስ ለኅብረተሰብ ስለሚያመጣው ጥቅምና አደጋ ብዙ ያስብ ነበር። የየዘርፉ ሊቃውንት የሚመክሩባቸው የኖቤል ሲምፖዚየሞች እንዲጀመሩም ትልቅ ድርሻ ነበረው። በ1971 በልብ ሕመም ዐረፈ፤ ዕድሜው 69 ነበር። በጨረቃ ላይ የሚገኝ አንድ ጎድጓዳ ስፍራ በስሙ ተሰይሟል።

የሠራው ትልቅ መሣሪያ ዛሬ የሚገኘው በቤተ መዘክር ነው። በሆስፒታሎች የደም ፕሮቲን ምርመራ ላይ ግን እሱ ያያቸው ጉብታዎች በዚያው ቅደም ተከተል ይነበባሉ፤ መጀመሪያ አልቡሚን፣ መጨረሻ ጋማ። የጋማው ክፍል ጠባብና ረጅም ጫፍ ሲያወጣ ሐኪሞች ማየሎማ የተባለውን የደም ካንሰር ይጠረጥራሉ፤ ሲያንስ ደግሞ የሰውነት የመከላከል አቅም መድከሙን ይመረምራሉ።